የባዮሜዲካል ኤሌክትሮኒክስ ዑደት ንድፍ

የባዮሜዲካል ኤሌክትሮኒክስ ዑደት ንድፍ ከሰው አካል የሚወጡ ጥቃቅን ምልክቶችን ተቀብሎ የሚያጎላ፣ የሚያጣራና ወደ ቁጥር ለውጦ ለጤና ባለሙያ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ ዑደት (ሰርኪዩት) የማዘጋጀት የምህንድስና ዘርፍ ነው። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂ፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ሙሌት በጣት በኩል የሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ዲጂታል የደም ግፊት መለኪያ፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ መቆጣጠሪያ እንዲሁም በሰውነት ውስጥ የሚተከለው የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ሁሉም የዚህ ሙያ ውጤቶች ናቸው።

እንዲህ ያለው ዑደት ከሬዲዮ ወይም ከስልክ ባትሪ መሙያ ዑደት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሚለካው ምልክት እጅግ ትንሽ ሲሆን በዙሪያው ያለው ረብሻ ግን ከምልክቱ በመቶዎችና በሺዎች እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሰው አካል ራሱ የዑደቱ አንድ ክፍል ይሆናል። ስለዚህ የንድፍ ስህተት መሣሪያውን ከማበላሸት አልፎ ታካሚውን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ በታች የንድፉ ዋና ዋና ደረጃዎች በኢሲጂና በፐልስ ኦክሲሜትር ምሳሌነት ተብራርተዋል። መሣሪያዎቹ በኢትዮጵያ፣ በተለይም እንደ አዊ ዞን ባሉ ደጋማ አካባቢዎች ሲያገለግሉ ነዳፊው ሊያስብባቸው የሚገቡ ጉዳዮችም ተካትተዋል።

አጭር ታሪክ

ሕያው አካልና ኤሌክትሪክ ግንኙነት እንዳላቸው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንቁራሪት እግር ላይ ባደረገው ሙከራ አሳይቷል። የልብን ኤሌክትሪክ በትክክል መመዝገብ የተቻለው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ኔዘርላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን ባለ ክር ጋልቫኖሜትር የተባለውን መሣሪያ ከሠራ በኋላ ነው። መሣሪያው ክፍል የሚሞላ ሲሆን ታካሚው እጆቹንና አንድ እግሩን ጨው በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይነክር ነበር። አይንትሆቨን ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬም ኢሲጂ ሲነበብ የሚጠሩት ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ የሚባሉት የሞገዱ ክፍሎች ስያሜያቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው።

ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ መሣሪያዎቹ እያነሱ ሄዱ። በ1950ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊልሰን ግሬትባች የልብ ድምፅ መመዝገቢያ ዑደት ሲሠራ በስህተት ሌላ መጠን ያለው ሬዚስተር አስገባ። ዑደቱም በመመዝገብ ፋንታ በየጊዜው የሚደጋገም ምት ማመንጨት ጀመረ። ግሬትባች ምቱ ከልብ ምት ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋለ፤ ከዚያ የተነሣው ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1960 በሰው አካል ውስጥ ለተተከለ ፔስሜከር መሠረት ሆነ። የፐልስ ኦክሲሜትር መሠረተ ሐሳብ ደግሞ በጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገኘ።

ከሰውነት የሚገኙ ምልክቶች

ዑደት ከመነደፉ በፊት የሚለካው ምልክት መጠንና ድግግሞሽ (ፍሪክዌንሲ) መታወቅ አለበት። በቆዳ ላይ የሚለካው የልብ ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ሲሆን ለምርመራ የሚያገለግለው ድግግሞሹ ከ0.05 እስከ 150 ሄርዝ ነው። አንድ ተራ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ 1.5 ቮልት ስለሆነ የልብ ምልክት ከዚህ ባትሪ 1500 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ከራስ ቅል ላይ የሚለካው የአንጎል ምልክት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ይደርሳል። የጡንቻ ምልክት ከጥቂት አሥር ማይክሮቮልት እስከ ጥቂት ሚሊቮልት ሲሆን ድግግሞሹ በአብዛኛው ከ20 እስከ 500 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ችግር ወዲያው ይታያል። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። 50 ሄርዝ የሚገኘው በትክክል በልብ፣ በአንጎልና በጡንቻ ምልክቶች ክልል መካከል ነው። በክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ያለፈ ሽቦ ሳይነካ እንኳ የሰው አካል እንደ አንቴና ሆኖ ከዚህ ረብሻ ይሰበስባል።

የኢሲጂ ዑደት ክፍሎች

ኤሌክትሮድ

በሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያጓጉዙት እንደ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ያሉ አዮኖች ናቸው። በሽቦ ውስጥ ግን ይህን ሥራ የሚሠሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ኤሌክትሮድ በሁለቱ መካከል አስተላላፊ ሆኖ ያገለግላል። በብዛት የሚሠራው ከብርና ከብር ክሎራይድ ሲሆን ከቆዳ ጋር በጄል ይገናኛል።

ኤሌክትሮድ ከቆዳ ጋር ሲገናኝ ልክ እንደ ትንሽ ባትሪ የራሱን ቋሚ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ሁለት ተመሳሳይ ኤሌክትሮዶች አብዛኛውን ያጣፋሉ፤ ሆኖም ጄሉ ሲደርቅ ወይም ኤሌክትሮዱ ሲያረጅ ልዩነት ይቀራል። በዚህ ምክንያት የኢሲጂ ዑደት እስከ 300 ሚሊቮልት የሚደርስ ቋሚ ቮልቴጅ ተሸክሞ እንዲሠራ ይጠበቃል። ይህ ከልብ ምልክት 300 እጥፍ ነው።

የመግቢያ ተቃውሞ

ደረቅና ሻካራ ቆዳ ለኤሌክትሪክ ከፍተኛ ተቃውሞ አለው። የቆዳና የኤሌክትሮድ ተቃውሞ 100 ኪሎኦም ቢሆንና የአምፕሊፋየሩ የመግቢያ ተቃውሞም 100 ኪሎኦም ቢሆን፣ የምልክቱ ግማሽ ወደ ዑደቱ ሳይደርስ ይቀራል። የመግቢያ ተቃውሞው 100 ሜጋኦም ከሆነ ግን የሚጠፋው ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ የመግቢያ ተቃውሞው እጅግ ከፍተኛ መሆን አለበት።

የኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር

ይህ የዑደቱ ዋና ክፍል ነው። በውስጡ ሦስት ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየሮች አሉት። ሥራው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ልዩነት ማጉላትና በሁለቱም ላይ እኩል የሚመጣውን ማጥፋት ነው። የልብ ምልክት በቀኝና በግራ እጅ ላይ ስለሚለያይ ይጎላል፤ የ50 ሄርዝ ረብሻ ግን በሁለቱም እጆች ላይ እኩል ሊባል በሚችል መጠን ስለሚመጣ ይሰረዛል።

አምፕሊፋየሩ የጋራውን ረብሻ የማጥፋት ችሎታው በዴሲቤል ይለካል። ለምሳሌ በአካል ላይ 1 ቮልት የጋራ ረብሻ አለ እንበል። ችሎታው 60 ዴሲቤል ከሆነ ረብሻውን በ1000 ያሳንሰዋል፤ የሚቀረው 1 ሚሊቮልት ስለሆነ ከልብ ምልክት ጋር እኩል ይሆናል፣ ምንም ማንበብ አይቻልም። ችሎታው 100 ዴሲቤል ከሆነ ደግሞ በ100,000 ያሳንሰዋል፤ የሚቀረው 10 ማይክሮቮልት፣ ማለትም የልብ ምልክት አንድ መቶኛ ነው። የልብ ሞገዱ በግልጽ ይታያል።

በተማሪዎች ሙከራ የታወቀው ኤዲ620 የተባለ ቺፕ የማጉያ እጥፉ በአንድ ሬዚስተር ይወሰናል። እጥፉ 1 ሲደመር 49.4 ኪሎኦም ለሬዚስተሩ ተካፍሎ ነው። እጥፉ 10 እንዲሆን ከተፈለገ 49.4 ለ9 ሲካፈል 5.49 ኪሎኦም ገደማ ይመጣል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በአንዴ 1000 ጊዜ ለማጉላት ይሞክራሉ። ነገር ግን 300 ሚሊቮልቱ ቋሚ ቮልቴጅ በ1000 ሲባዛ 300 ቮልት ይሆናል። በባትሪ የሚሠራ ዑደት ይህን ሊያወጣ ስለማይችል ውጤቱ ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያው ደረጃ 10 ጊዜ ብቻ ማጉላት (300 ሚሊቮልቱ 3 ቮልት ይሆናል)፣ ቀጥሎ ቋሚውን ቮልቴጅ በማጣሪያ ማስወገድ፣ ከዚያ ቀሪውን 100 እጥፍ በሁለተኛው ደረጃ መጨመር ነው። በጠቅላላው 1000 እጥፍ ሲጎላ 1 ሚሊቮልቱ 1 ቮልት ይሆናል።

ማጣሪያዎች

ቀላሉ ማጣሪያ ከአንድ ሬዚስተርና ከአንድ ካፓሲተር ይሠራል። የመቁረጫ ድግግሞሹ እንዲህ ይሰላል፦

ድግግሞሽ = 1 ÷ (2 × 3.14 × ሬዚስተር × ካፓሲተር)

ቋሚውን ቮልቴጅና በአተነፋፈስ ምክንያት የሚመጣውን ቀስ ያለ መዋዠቅ ለመቀነስ 3.3 ሜጋኦም ሬዚስተርና 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢወሰዱ የመቁረጫው ድግግሞሽ 0.048 ሄርዝ ይሆናል። ይህም ለኢሲጂ ከሚፈለገው 0.05 ሄርዝ ጋር ይቀራረባል። ከላይ ያለውን ረብሻ ለመቁረጥ 10 ኪሎኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ቢወሰዱ 159 ሄርዝ ይገኛል።

የ50 ሄርዝ ረብሻ በእነዚህ ሁለት ድንበሮች መካከል ስለሚገኝ በሁለቱም አይወገድም። ለእርሱ ኖች የሚባል፣ አንድን ድግግሞሽ ብቻ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይጨመራል። በሰሜን አሜሪካ የመብራት ኃይል 60 ሄርዝ ስለሆነ ከዚያ የተገኘ ንድፍ ሳይለወጥ ቢገለበጥ በኢትዮጵያ ረብሻውን አያስወግድም። ይልቁንም ከልብ ምልክቱ ላይ ይቀንሳል። ኖች ማጣሪያ የልብ ሞገዱንም በመጠኑ ስለሚያዛባ ከእርሱ በፊት ሌሎች መፍትሔዎች ይሞከራሉ። ከእነዚህም ቆዳን ማጽዳት፣ ጄሉ ያልደረቀ ኤሌክትሮድ መጠቀም፣ ሽቦዎችን ማሳጠርና እርስ በርስ መጠምዘዝ ይገኙበታል።

የቀኝ እግር ዑደት

በአካል ላይ የተሰበሰበውን የጋራ ረብሻ ለካ በተቃራኒው ገልብጦ በቀኝ እግር ኤሌክትሮድ በኩል ወደ አካል የሚመልስ ተጨማሪ ዑደት አለ። ረብሻው በራሱ ተቃራኒ ስለሚጣፋ አምፕሊፋየሩ ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ወደ እግር የሚመለሰው ኮረንት ግን በሬዚስተር መገደብ ይኖርበታል።

ወደ ቁጥር መለወጥ

የጎላው ምልክት ወደ ማይክሮኮንትሮለር ከመግባቱ በፊት ከ0 እስከ 3.3 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን በ1.65 ቮልት ከፍ ይደረጋል። ባለ 12 ቢት መለወጫ ይህን ክልል በ4096 ደረጃዎች ስለሚከፍለው አንዱ ደረጃ 0.8 ሚሊቮልት ነው። ምልክቱ አስቀድሞ 1000 ጊዜ ስለጎላ ይህ በቆዳ ላይ ካለው 0.8 ማይክሮቮልት ጋር እኩል ነው፤ ለኢሲጂ ከበቂ በላይ ነው።

የናሙና አወሳሰድ ሕግ እንደሚለው 150 ሄርዝ ያለውን ምልክት ለመያዝ በሰከንድ ከ300 በላይ ናሙና መወሰድ አለበት። በተግባር 500 ይመረጣል። በዚህ ፍጥነት 10 ተከታታይ ናሙናዎች 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ፤ ይህም የ50 ሄርዝ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ስለዚህ የ10 ናሙናዎችን አማካይ በመውሰድ ብቻ የመብራት ረብሻውን በሶፍትዌር ማጥፋት ይቻላል። ሆኖም አማካዩ የልብ ሞገዱን ሹል ጫፍም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ዘዴው የልብ ምት ለመቁጠር ይጠቅማል፤ የሞገዱን ቅርጽ አይቶ በሽታ ለመለየት ግን አይሆንም።

የፐልስ ኦክሲሜትር ዑደት

ፐልስ ኦክሲሜትር የሚሠራው ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ብርሃንን በተለያየ መጠን ስለሚመጡ ነው። በጣት አንድ በኩል ሁለት ኤልኢዲዎች አሉ፦ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን፣ ሌላው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ያወጣል። በሌላው በኩል ያለው ፎቶዳዮድ በጣት አልፎ የመጣውን ብርሃን ይቀበላል።

ኤልኢዲዎቹ በየተራ ይበራሉ፤ በመካከላቸው ሁለቱም የሚጠፉበት አጭር ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ የሚለካው ከመስኮት ወይም ከአምፖል የሚመጣው የክፍሉ ብርሃን ብቻ ስለሆነ ከሌሎቹ ላይ ይቀነሳል። ፎቶዳዮዱ የሚያወጣው ኮረንት እጅግ ትንሽ በመሆኑ ኮረንትን ወደ ቮልቴጅ የሚለውጥ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። 1 ማይክሮአምፒር ኮረንት በ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ሲያልፍ 1 ቮልት ይሆናል።

ከሚገኘው ምልክት አብዛኛው ቋሚ ነው። ከቆዳ፣ ከአጥንትና ከደም መልስ ደም የሚመጣ ነው። ከልብ ምት ጋር ከፍና ዝቅ የሚለው ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የደም ቅዳው መረጃ ያለው በዚህች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። መሣሪያው በቀዩ ብርሃን የሚለዋወጠውን ክፍል ለቋሚው ያካፍላል፣ በኢንፍራሬዱም እንዲሁ ያደርጋል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለተኛው አካፍሎ ንጽጽር ያገኛል። ለመማሪያ የሚያገለግል ግምታዊ ቀመር እንዲህ ነው፦

የኦክስጅን ሙሌት = 110 − (25 × ንጽጽር)

በቀዩ የሚለዋወጠው 1 በመቶ፣ በኢንፍራሬዱ 2 በመቶ ከሆነ ንጽጽሩ 0.5 ነው፤ ሙሌቱም 97.5 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ንጽጽሩ 1፣ ሙሌቱ 85 በመቶ ይሆናል።

የልኬት ማስተካከያና የቆዳ ቀለም

ከላይ ያለው ቀመር ከፊዚክስ ሕግ ብቻ የተገኘ አይደለም። አምራቾች ጤነኛ ፈቃደኞች በክትትል ሥር ኦክስጅኑ የቀነሰ አየር እንዲተነፍሱ አድርገው የመሣሪያውን ንባብ ከደም ቅዳ ከተወሰደ ናሙና ጋር በማነጻጸር ሠንጠረዥ ያዘጋጃሉ። ስለዚህ መሣሪያው የሚያውቀው የተለካባቸውን ሰዎች ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የዚህን ውጤት አሳይቷል። ጥናቱ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ፐልስ ኦክሲሜትር ከ92 እስከ 96 በመቶ ያነበበላቸውን ታካሚዎች መረመረ። በደም ምርመራ ሲረጋገጥ ትክክለኛ ሙሌታቸው ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ታካሚዎች 3.6 በመቶ ሲሆን ከጥቁሮቹ ደግሞ 11.7 በመቶ ነበር። በሌላ አነጋገር መሣሪያው ኦክስጅን የሚያስፈልገውን ጥቁር ታካሚ ደህና ነው ብሎ የማለፍ ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። በኢትዮጵያ ለሚያገለግል መሣሪያ ይህ የንድፍ ጥያቄ ነው። የልኬት ማስተካከያው ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች በበቂ ቁጥር ማካተት አለበት፤ ኤልኢዲውም ብርሃኑን እንደ ቆዳው የሚያስተካክል መሆን ይኖርበታል።

ጥፍር ላይ የተቀባ ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ ብርሃኑን ሊመጥ ስለሚችል በሌላ ጣት መለካት ይመረጣል። ጣት በብርድ ሲቀዘቅዝም የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ የሚለዋወጠው ክፍል እጅግ ያንሳል። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ጥሩ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ከማሳየት ይልቅ ምልክቱ ደካማ መሆኑን ይናገራል።

የከፍታ ጉዳይ፦ የአዊ ዞን ምሳሌ

አዊ ዞን በአማራ ክልል የሚገኝ ሲሆን እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ቻግኒና አዘና ከከተሞቹ መካከል ናቸው። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላ ከ2100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ቻግኒ ደግሞ ወደ ቆላው ትቀርባለች። በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ የጤነኛ ሰው ሙሌትም በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የልጅ ሙሌት ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን እንዲሰጠው ይመክራል። ከ2500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን 87 በመቶና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊወሰድ እንደሚችል ይገልጻል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ነጥብ ነው። የብዙ ፐልስ ኦክሲሜትሮች የተለመደ ስህተትም ከ2 እስከ 3 ነጥብ ይደርሳል። ስለዚህ በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት ልጇ ኦክስጅን ማግኘት አለማግኘቱ በዑደቱ ጥራት ሊወሰን ይችላል። ባለሙያው የመሣሪያውን ቁጥር ከሕፃኑ አተነፋፈስና ሁኔታ ጋር አብሮ የሚያየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከፍታን በሚመለከት የኢትዮጵያ ደገኞች በሳይንስ ጽሑፎች ይታወቃሉ። በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በቆላ ከሚጠበቀው ብዙም አይርቅም። ውጤቱ በአንዲስ ወይም በቲቤት ደጋ የተሠራ ሠንጠረዥን በቀጥታ ለኢትዮጵያ መገልበጥ እንደማይገባ ያስረዳል።

የኤሌክትሪክ ደህንነት

የ220 ቮልት መስመር የነካ ሰው የአካሉ ተቃውሞ 1000 ኦም ቢሆን 220 ሚሊአምፒር ኮረንት ያልፍበታል። ከዚህ ያነሰ ኮረንት እንኳ ልብን በአጉል ሁኔታ እንዲንቀጠቀጥ አድርጎ ሊገድል ይችላል። ኮረንቱ በቀጥታ ልብ ላይ ከደረሰ ደግሞ ከሚሊአምፒር ያነሰም አደገኛ ነው። ስለዚህ የሕክምና መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ የደህንነት ደረጃ፣ አይኢሲ 60601፣ ከልብ ጋር በቀጥታ ለሚገናኝ መሣሪያ ወደ ታካሚው የሚያፈተልከው ኮረንት በደህናው ጊዜ ከ10 ማይክሮአምፒር፣ አንድ ብልሽት ሲደርስ ደግሞ ከ50 ማይክሮአምፒር እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ይህን ለማሟላት ነዳፊው ሦስት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ የኤሌክትሮድ ሽቦ ላይ ሬዚስተር ማስገባት ነው። ቺፑ ተበላሽቶ 3.3 ቮልቱ በሙሉ ወደ ታካሚው ቢወጣ፣ በመንገዱ 100 ኪሎኦም ካለ ኮረንቱ ከ33 ማይክሮአምፒር አይበልጥም። ሁለተኛው ታካሚው የሚገናኝበትን ክፍል ከመብራት መስመር በብርሃን ወይም በማግኔት ማስተላለፊያ መለየት ነው። ሦስተኛው መሣሪያውን በባትሪ ብቻ ማሠራት ነው።

ለተማሪዎች ሦስተኛው መንገድ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ኤሌክትሮድ በሰው ላይ ተለጥፎ እያለ ዑደቱ ከመብራት ጋር በተሰካ ላፕቶፕ ላይ በኬብል መገናኘት የለበትም። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪው መሥራት አለበት፤ ወይም መረጃው በብሉቱዝ ይላካል። በቤተ ሙከራ የተሠራ ዑደት ለመማሪያ እንጂ ለታካሚ ምርመራ አይውልም።

ለአካባቢው የሚስማማ ንድፍ

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የፔሪና የማልኪን ጥናት በታዳጊ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና መሣሪያዎች 40 በመቶ ያህሉ አገልግሎት እንደማይሰጡ አመልክቷል። ዋና ምክንያቶቹ የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። በእንደነዚህ ያሉ ቦታዎች ከሚበላሹት መሣሪያዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ደግሞ ያለ ልዩ መለዋወጫ፣ በመሠረታዊ የጥገና ዕውቀት መጠገን እንደሚቻል በተመሳሳይ ዘመን የወጣ ሌላ ጥናት ያሳያል። ስለዚህ የንድፍ ጥሩነት መሣሪያው ከካርቶን ሲወጣ በሚያሳየው ቁጥር ብቻ አይለካም፤ እንደ አዘና ባለች ከተማ ከዓመታት በኋላም መሥራቱ ይታያል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ቮልቴጁ ለአጭር ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል። የኃይል ክፍሉ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚቀበል፣ ፊውዝና የቮልቴጅ ንረት መከላከያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ባትሪም አስፈላጊ ነው፦ 50 ሚሊአምፒር የሚወስድ ዑደት 2000 ሚሊአምፒር-ሰዓት በያዘ ባትሪ በስሌት 40 ሰዓት ይሠራል። ባትሪው ሲያረጅ ይህ ስለሚቀንስ ነዳፊው 25 ወይም 30 ሰዓት ብሎ ቢያቅድ ይሻላል። ባትሪው በገበያ በቀላሉ የሚገኝ ዓይነት መሆን አለበት፤ በአንድ አምራች ብቻ የሚሸጥ ባትሪ ሲያልቅ መሣሪያውም አብሮ ያልቃል።

ለጥገና ሲባል በዑደት ሰሌዳው ላይ የመለኪያ ነጥቦችና የሚጠበቀው ቮልቴጅ ይጻፋሉ፤ የዑደቱ ሥዕል ከመሣሪያው ጋር ይቀመጣል። ኬብልና ክሊፕ በብዛት የሚሰበሩ ክፍሎች ስለሆኑ የተለመደ ሶኬት ያላቸው ቢሆኑ ይሻላል።

ቋንቋም የንድፍ አካል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዋናው ክፍሉ 384 ቦታዎች አሉት። እያንዳንዱ ፊደል በ16 በ16 ነጥብ ቢሣል 32 ባይት ይፈጃል፤ በጠቅላላው 12 ኪሎባይት ገደማ ማለት ነው። ይህ በርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ውስጥ እንኳ የሚገባ ነው። በዚሁ ፊደል አማርኛም አገውኛም (አውንጊ) ስለሚጻፉ ማስጠንቀቂያው ባለሙያው በሚያነበው ቋንቋ ሊታይ ይችላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሕክምና ኦክስጅንንና የፐልስ ኦክሲሜትርን ተደራሽነት ለማስፋፋት ብሔራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ሠርቷል። የሕክምና መሣሪያዎችን ጥራትና ደህንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ላይ የተመሠረተ ነው። በአገር ውስጥ የተነደፈ መሣሪያም ለታካሚ ከመዋሉ በፊት በዚህ ቁጥጥር ማለፍ ይኖርበታል።

የባዮሜዲካል ምህንድስና በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ሆኖም ሙያው የአንድ ትምህርት ክፍል ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተማረ አምፕሊፋየሩን፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ የምልክት ማቀነባበሪያውን፣ ነርሷ ደግሞ መሣሪያው በሥራ ቦታ የሚያስቸግርበትን ነጥብ ያውቃሉ።

የንድፍ ቅደም ተከተል

በዘርፉ የተለመደው አካሄድ ከሞላ ጎደል የሚከተለው ነው።

1. ችግሩን ከጤና ባለሙያው መረዳት፦ ምን ይለካል፣ የት ይለካል፣ በቁጥሩ ላይ ምን ይወሰናል?
2. የምልክቱን መጠን፣ ድግግሞሽና የሚፈቀደውን ስህተት በቁጥር ማስፈር።
3. የደህንነት ገደቦችን ከአምፕሊፋየሩ በፊት መወሰን።
4. እያንዳንዱን ደረጃ በስሌት፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር ማስመሰያ መፈተሽ።
5. በዳቦ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ) ላይ ገጥሞ፣ በሰው ፋንታ በምልክት አመንጪ መሞከር።
6. የታተመ የዑደት ሰሌዳ ማዘጋጀት፤ የአናሎግና የዲጂታል ክፍሎችን ማራራቅ።
7. አፈትላኪ ኮረንቱን መለካት፤ ንባቡን ከታወቀ መሣሪያ ጋር ማነጻጸር።
8. በሥነ ምግባር ኮሚቴና በተቆጣጣሪ ፈቃድ ብቻ ወደ ሰው ሙከራ መሄድ።

ከእነዚህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ዑደቱ ከተጠናቀቀ በኋላ የታካሚውን ክፍል ከመብራት መስመር ለመለየት መሞከር ግን ብዙውን ጊዜ ሰሌዳውን እንደገና መሥራት ማለት ነው።